ከ12 እስከ 18 ዓመት የሆኑ ልጆችን ይዞ ላንጋኖና ሐዋሳ፦ የአራት ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ክረምት ሲገባ የ15 ዓመት ልጃችሁ «ከጓደኞቼ ጋር ወጣ ብለን እንምጣ» ትላለች። ማን ማን እንደሚሄድ ስትጠየቅ ዝርዝሩ ይረዝማል። ሁለት የክፍል ጓደኞቿ፣ 17 ዓመት የሞላው የጎረቤት ልጅ፣ 12 ዓመቷ የአክስቷ ልጅ፣ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የጨረሰችው የጓደኛዋ እህት። ታናሽ ወንድሟም «እኔስ?» ብሎ በር ላይ ቆሟል።

ብዙ ወላጅ እዚህ ላይ ወይ ይከለክላል፣ ወይ «ሁላችሁም አትለያዩ» ብሎ ይለቃል። ሁለቱም አይጠቅሙም። የ12 ዓመት ልጅና የ18 ዓመት ወጣት ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ነገር ሲያደርጉ መዋል አይችሉም። ትንሿ ይደክማታል። ትልቋ ትታፈናለች። መሃል ላይ ያለችው ባለጉዞዋ ደግሞ ስታስታርቅ ዕረፍቷ ያልቃል። እኔ የምመክረው ይህን ነው፦ ጉዞውና ማዕዱ የጋራ ይሁን፣ በመሃል ያለው ሰዓት በዕድሜ ይከፈል። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ምሳሌ የማደርገው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ላንጋኖ ሁለት ሌሊት፣ ሐዋሳ አንድ ሌሊት አድሮ የሚመለስ ጉዞ ነው። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሁለቱም በአንድ መስመር ላይ ናቸው።

1. ስሙን ልጅቷ ትጻፍ፣ ቁጥሩን እናንተ ቁረጡ

ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ ከእናንተ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ስለዚህ ዝርዝሩን እሷ ታውጣው። የእናንተ ድርሻ የሰው ብዛትና የዕድሜ ወሰን መቁረጥ ነው። ሚኒባስ 12 ሰው ይይዛል ቢባልም ሻንጣ አለ፣ እግር መዘርጊያም ያስፈልጋል። 8 ልጅና 2 አዋቂ በቂ ነው። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዚህ ጉዞ ባይካተት እመርጣለሁ። ለእሱ ሌላ ቀን ከቤተሰብ ጋር ይዘጋጅለት።

ዝርዝሩ ሲያልቅ አንድ ነገር ፈትሹ። እያንዳንዱ ልጅ በዕድሜ የሚቀርበው ቢያንስ አንድ ሌላ ልጅ አለው? ብቻውን የቀረ የ12 ዓመት ልጅ ወይ የአዋቂዎቹ ጭራ ይሆናል፣ ወይ ትልልቆቹን ለመምሰል የማይችለውን ይሞክራል። ታናሽ ወንድም ከሄደ እኩያው አብሮት ይሂድ።

ከአዋቂዎቹ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ቢሆኑ ጥሩ ነው። ሹፌሩ አዋቂ ተብሎ አይቆጠርም። የእሱ ሥራ መንዳትና በደንብ መተኛት ነው። የ18 ዓመቷ ልጅም አትቆጠርም። በሕግ አካለ መጠን አድርሳለች፣ ግን የመጣችው ልትዝናና ነው።

ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። እኛ ቤት «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ያዢያቸው» ማለት ልማድ ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ይህን አታድርጉ። ልጅቷ ለወራት የጠበቀችውን ዕረፍት በሞግዚትነት ካሳለፈችው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሳትነግራችሁ ለብቻዋ የምታቅደው ጉዞ ይኖራል። ትልልቆቹ ትንሽ ኃላፊነት ይሰጣቸው። ለምሳሌ ሒሳብ መያዝ፣ ሙዚቃ መምረጥ፣ በየማረፊያው ሰው መቁጠር። ልጅ መጠበቅ ግን የአዋቂ ሥራ ነው።

2. ቀን መምረጥ

ከሰኔ መጨረሻ በፊት ቀን አትቁረጡ። በቅርብ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሲሰጥ ቆይቷል። ከቡድኑ አንድ ተፈታኝ ካለ ፈተናው እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጾሙን አስቡ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ትንንሽ ልጆችም የሚጾሙት ጾም ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ የቡድኑ ግማሽ እየጾመ ግማሹ የሚበላበት ጉዞ ከባድ ነው። የረመዳን ጊዜም እንዲሁ በየዓመቱ ይታይ። ለእኔ ሁለት ጊዜዎች ይመቹኛል፦ የሐምሌ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ወይም ከነሐሴ 16 በኋላ ያለው ሳምንት። ከእንቁጣጣሽ አጠገብ አትጠጉ። ማደሪያ ይወደዳል፣ ልጆቹም ለትምህርት ቤት መዘጋጀት አለባቸው።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ከቅዳሜና እሁድ ይሻላል። ሎጆቹ ጭር ይላሉ፣ ዋጋም መደራደር ይቻላል።

በሐምሌና በነሐሴ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጡ የአጎት ልጆች ካሉ አስቀድማችሁ ለወላጆቻቸው ንገሩ። ላንጋኖም ሐዋሳም የወባ አካባቢ ናቸው። መከላከያ መድኃኒት ካስፈለገ ከመምጣታቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር መነጋገር አለባቸው፣ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ይረፍዳል። አማርኛ የማይቀናው ልጅ ካለ ደግሞ ከእሱ ጋር የሚግባባ እኩያ አንድ ክፍል ውስጥ መድቡለት።

3. የወላጆች ቡና

ሁሉም ወላጆች አንድ ጊዜ ቢሰበሰቡ በቴሌግራም ከሚደረግ የሳምንት ጭቅጭቅ ይሻላል። ቡና አፍሉና አንድ ሰዓት ተነጋገሩ። ልጆቹም የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ።

እያንዳንዱ ወላጅ አንድ ገጽ ሞልቶ ይፈርማል። የልጁ ሙሉ ስምና ዕድሜ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የሚያመው ነገር፣ የማይስማማው ምግብ ወይም መድኃኒት፣ አስም ካለበት፣ መኪና የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ዋና መቻል አለመቻሉ። «ይችላል» የሚለውን በቀላሉ አትቀበሉ። የት ተማረ? ጥልቅ ውሃ ላይ ያውቃል? ብላችሁ ጠይቁ። የመታወቂያ ኮፒም ይያያዝ። ለትንንሾቹ የተማሪ መታወቂያ ይበቃል።

አንዳንዱ ነገር ሰው ፊት አይጠየቅም። ሌሊት አልጋ የሚያረጥብ የ12 ዓመት ልጅ አለ። የወር አበባ ገና የጀመራት ልጅ አለች። እናትየው ለሴቷ አዋቂ ለብቻ ትንገራት፣ ለዚያ የሚሆነው ዕቃም በሻንጣ ይያዝ። ይህ ከታሰበበት ልጆቹ አያፍሩም።

4. ገንዘብ

ዋጋ እዚህ አልጽፍም፣ በየወሩ ይለወጣል። አሠራሩ ግን አንድ ነው። ወጪውን ለሁለት ክፈሉት። የመጀመሪያው ሰው ቢጨምርም ቢቀንስም የማይለወጠው ነው፦ መኪና፣ ነዳጅ፣ የሹፌር አበልና ማደሪያ፣ የክፍያ መንገድ፣ የአዋቂዎቹ ወጪ። ሁለተኛው በነፍስ ወከፍ የሚመጣው ነው፦ አልጋ፣ ምግብ፣ ጀልባ፣ የፓርክ መግቢያ። የመጀመሪያውን ለልጆቹ እኩል አካፍሉ። ሁለተኛውን ጨምሩበት። በድምሩ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ አክሉ።

አንድ ልጅ ዘግይቶ «ቀርቻለሁ» ቢል የቀሩት ድርሻ ይጨምራል። ስለዚህ የመኪናው ድርሻ እንደማይመለስ በቡናው ላይ ተስማሙ። በኋላ የሚመጣው ቅያሜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ክፍያው እንደ ዕቁብ በሦስት ወር ቢከፋፈል ለሁሉም ይቀላል። አንድ ወላጅ አካውንት ይያዝ፣ ከልጆቹ አንዷ ደግሞ መዝገቡን ትያዝ። መክፈል የማይችል ቤተሰብ ካለ አዋቂዎቹ በጓዳ ይጨርሱት፣ ልጆቹ ጆሮ አይድረስ። የኪስ ገንዘብም ጣሪያ ይኑረው። አንዱ ልጅ ብዙ ይዞ ሌላው ባዶ ኪሱን ከመጣ ሁለተኛው ቀን ላይ ይታያል። ቴሌብር መንገድ ላይ ይሠራል፣ ግን ኔትወርክ የሚጠፋበት ሰዓት ስላለ አዋቂዎቹ ጥሬ ገንዘብ ከፋፍለው ይያዙ።

5. መኪናና ማደሪያ

መኪናውን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩት። ቦሎው የዘንድሮ ነው? የሦስተኛ ወገን መድን አለው? በየወንበሩ ቀበቶ አለ? ይሠራል? ቀበቶ የሌለው ሚኒባስ በርካሽ ቢገኝም ተዉት። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ቀን፣ የት የት፣ ነዳጁ በማን፣ ብልሽት ቢገጥም ማን ምትክ ያመጣል። ነዳጅ ወረፋ ስላለው ሹፌሩ ከዋዜማው ሞልቶ ይደር። በምሽት አይነዳም የሚለውም ይጻፍ።

መንገዱ ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ወደ ሞጆ ይወርዳል። ከሞጆ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ያለውም የክፍያ መንገድ ነው። ከባቱ ወዲያ ግን ከብት፣ አህያ፣ ባጃጅ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ፍጥነቱ እዚያ ይቀንስ። በዋዜማውና በጠዋቱ በመስመሩ ላይ ለሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ ቢሾፍቱን ተለዋጭ አድርጉ። ልጆቹ ይህን ከመጀመሪያው ይወቁት።

ላንጋኖ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በምዕራቡ ዳርቻ፣ ለአስፋልቱ ቅርብ የሆነ ማደሪያ ምረጡ። በምሥራቁ በኩል ጫካ ያላቸው ውብ ቦታዎች አሉ፣ ግን ከዋናው መንገድ ይርቃሉ። ልጅ ሌሊት ቢያመው ባቱ ወይም ሻሸመኔ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜው ይለያያል።

ክፍል ሲደለደል ሴቶች ለብቻ፣ ወንዶች ለብቻ፣ በዕድሜም ተቀራራቢ ይሁኑ። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ልጅ ለሁለት ብቻቸውን አንድ ክፍል አይደሩ፣ ወንድማማች ወይም እህትማማች ካልሆኑ በቀር። ሦስት ሦስት ቢሆኑ ይመረጣል። የአዋቂዎቹ ክፍል ከልጆቹ ጋር የተያያዘ ይሁን። አልጋዎቹ አጎበር እንዳላቸው በስልክ ጠይቁ፣ ከሌላቸው ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

6. አራቱን ቀን መደልደል

በመጀመሪያው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ከፊት ይቀመጥ፣ ቁርሱም ቀለል ያለ ይሁን። ባቱ ላይ እረፍትና ምሳ። ከሰዓት ላንጋኖ ትገባላችሁ። ያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አታስገቡ። ልጆች አዲስ ቦታ ሲደርሱ መሮጥ ነው የሚፈልጉት፣ ይሩጡ።

ሁለተኛው ቀን የጉዞው እምብርት ነው። ቁርስ አብረው ይበላሉ። ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በሁለት ይከፈላሉ። ትንንሾቹ ከአንድ አዋቂ ጋር ውሃ ዳር፣ ኳስ፣ አሸዋ። ትልልቆቹ ከሌላው አዋቂ ጋር የእግር ጉዞ ወይም ካያክ። ምሳ አብረው። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ምንም አይታዘዝ። መተኛት፣ ካርታ መጫወት፣ ብቻ መቀመጥ፣ ሁሉም ይቻላል። በዚያ ሰዓት ትልልቆቹ ለብቻቸው፣ በግቢው ውስጥ፣ አዋቂ ሳያንዣብብባቸው ይቀመጡ። ለ16 እና ለ17 ዓመት ልጅ ከጉዞው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሰዓት ነው። ማታ ላይ እሳት ካለ ሁሉም ይሰበሰባሉ። ትንንሾቹ 3 ሰዓት ላይ ይተኛሉ። ትልልቆቹ እስከ 5 ሰዓት ቢቆዩ ችግር የለም። ትንንሾቹ «ለምን?» ብለው ያኮርፋሉ። ከጉዞው በፊት ከተነገራቸው ግን ኩርፊያው አጭር ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ። ከላንጋኖ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ስካውት፣ ማለትም የፓርኩን ጠባቂ፣ ይዛችሁ ግቡ። ሰጎን፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ ይታያሉ፣ ዕድል ከቀናም ፍላሚንጎ። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በዳርቻው ፍል ውሃ አለ፣ እንፋሎቱ ልጆችን ይስባል፣ ግን ውሃው ያቃጥላል። ትንንሾቹ እዚያ ቦታ ላይ በእጅ ይያዙ። አቢጃታ ደግሞ ባለፉት አሥርት ዓመታት በጣም ሸሽቷል። ወደ ሐይቁ የሚገባው ውሃ ለመስኖ ስለሚወሰድና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ስለተቀዳ ነው። ይህን ለትልልቆቹ እዚያው ቆማችሁ ንገሯቸው። የድሮው ዳርቻ የት ድረስ እንደነበር ስካውቱን ሲጠይቁ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ያገኛሉ። ዳርቻው ረግረግ ስለሆነ መኪናው ወደ ውሃው አይጠጋ።

ከምሳ በኋላ ሐዋሳ። ማታ በሐይቁ ዳር የእግር መንገድ ላይ ሁሉም አብሮ ይንሸራሸር።

አራተኛው ቀን በጠዋት በሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ይጀመር። ዓሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከልጆቹ ቁመት እኩል ሆነው ይቆማሉ። ጦጣዎቹ ምግብ ከእጅ ይነጥቃሉ፣ ስለዚህ ብስኩት በቦርሳ ይግባ። ጥሬ ዓሣ የሚበላ ሰው ይኖራል፣ ልጆቹ ግን የበሰለውን ይብሉ። ጉልበት ያላቸው ከአንድ አዋቂ ጋር የታቦርን ተራራ ይውጡ። ሌሎቹ ከሁለተኛው ጋር ሻይ ይጠጡ። 5 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ምሳ መንገድ ላይ ብትበሉ ሳይመሽ አዲስ አበባ ትገባላችሁ።

7. ውሃው

ይህን ክፍል ሁለቱ አዋቂዎች ሁለት ጊዜ ያንብቡት። ላንጋኖ ከብልሃርዚያ ነጻ በመሆኑ ይታወቃል፣ ሰው የሚዋኝበትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ውሃው ቡናማ ነው። ልጅ ከውሃው በታች ከሄደ አይታይም። ጥሩ ገንዳ ላይ ያለ ጠባቂ የሚያየውን እናንተ እዚህ አታዩም።

ስለዚህ ትንንሾቹና ዋና የማይችሉት ከወገብ በላይ አይግቡ፣ ላይፍ ጃኬትም ይልበሱ። ከተቻለ ከአዲስ አበባ ይዛችሁ ሂዱ፣ በልካቸው ላታገኙ ትችላላችሁና። ሁሉም ልጅ ጥንድ ይኑረው። አንዱ ከውሃ ሲወጣ ሌላውም ይወጣል። አዋቂዎቹ በየግማሽ ሰዓቱ እየተፈራረቁ ይቁሙ። ተራው የደረሰው ስልኩን ለሌላው ይስጥ፣ አያወራ፣ አይብላ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነስቶ ውሃው ሲናወጥ ሁሉም ይውጣ። ትልልቆቹም ቢሆኑ ማታ አይዋኙም።

ሐዋሳ ላይ ዋና የለም። ብልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ጉማሬ ለማየት በጀልባ ሲወጣ ሁሉም ላይፍ ጃኬት ይልበስ። ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ፣ ጀልባው ከጉማሬው ራቅ ብሎ እንዲቆምም ጠይቁ።

8. ማዕዱ

ክርስቲያንና ሙስሊም ልጆች አብረው ሲሄዱ የሥጋው ነገር አለ። ልጆቹ ሰው ፊት «እኔ ይሄን አልበላም» ለማለት ያፍራሉ። ደግነቱ መስመሩ የዓሣ አገር ነው። የተጠበሰ ዓሣና የዓሣ ጉላሽ ሁለቱንም በአንድ ትሪ ያቀርባል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት ሽሮና ምስር፣ አትክልት አለ። ከመነሳታችሁ በፊት ለማደሪያው ደውላችሁ ምን ያህሉ ጾመኛ እንደሆነ ንገሩ። ለመንገድ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሙዝና የታሸገ ውሃ ይበቃል።

9. ደንቦቹ

ጥቂት ይሁኑ፣ በወላጆች ፊት ይነገሩ። መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ጫትና ሺሻ ለማንም የለም። 18 የሞላትም ብትሆን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥ ይከለክላልና ክርክሩ አጭር ነው።

የሌላ ሰው ፎቶ፣ በተለይ በዋና ልብስ፣ ሳይጠየቅ ቲክቶክም ቴሌግራምም ላይ አይወጣም። ሳያንኳኩ ክፍል አይገባም። ከግቢ ብቻውን የሚወጣ የለም። ትልቅ ልጅ ከትንሽ ጋር «ለማንም እንዳትናገሪ» የሚባል ምስጢር አይኖረውም። ይህን ለትንንሾቹ ለብቻቸው፣ በቀስታ ንገሯቸው። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማቸው የትኛዋን አዋቂ እንደሚያናግሩ በስም ይወቁ።

ለወላጆችም ደንብ አለ። ማታ 2 ሰዓት ላይ አንድ መልእክትና አንድ ፎቶ ይደርሳቸዋል። ከዚያ ውጪ በየሰዓቱ አይደውሉ። ናፍቆት የያዘው ትንሽ ልጅ የእናቱን ድምፅ በሰማ ቁጥር እንደገና ያለቅሳል።

10. ሙከራና መመለስ

ቡድኑ አብሮ ተጉዞ የማያውቅ ከሆነ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ ቀን እንጦጦ ፓርክ ወይም ቢሾፍቱ ውሰዷቸው። ማን ከማን እንደሚጋጭ፣ መኪና የሚያስመልሰው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ልጅ ሲደክመው እንደሚያለቅስ ያን ቀን ይታወቃል።

የመድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ኦአርኤስ፣ ፓራሲታሞል፣ ፕላስተርና ፋሻ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይግባ። ልጆቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ይልበሱ።

ስትመለሱ መዝገብ ያዧ ልጅ በሁለት ቀን ውስጥ ሒሳቡን ከነደረሰኙ ለወላጆች ትላክ። የተረፈ ካለ እኩል ይመለስ። ለሁሉም ወላጆች ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አያይዙ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ልጁን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ወይም ራስ ምታት ከያዘው ጉንፋን ነው ብለው አይተዉት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወስደው የወባ ምርመራ ያስደርጉለት፣ ላንጋኖና ሐዋሳ አድሮ እንደመጣም ለሐኪሙ ይንገሩ።